ማይልድ፦ የቀጥቃጮቹ ጥቁር ቢራ

ከበርሚንግሃም በስተምዕራብ፣ በደድሊና በዎልቨርሃምፕተን ዙሪያ ያለው አገር «ብላክ ካንትሪ» ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ከሰሉ ጭስና የእቶኑ ጥላሸት ሰማዩን አጥቁሮት ነበር። ሰንሰለትና ምስማር ይቀጠቀጥ የነበረው እዚህ ነው፤ የታይታኒክ ዋናው መልሕቅም የተሠራው እዚሁ፣ ኔዘርተን በምትባል ሰፈር ነው። እሳት ፊት ሲያልበው የዋለ ቀጥቃጭ ማታ የሚሻው ጥሙን የሚቆርጥለት፣ ደጋግሞ ቢጠጣውም በማግስቱ ከሥራ የማያስቀረው መጠጥ ነበር። ማይልድ የሚባለው ጥቁር ቢራ ለዚህ ሰው የተመቸ ነበር። በቀረው እንግሊዝ እየተረሳ ሲሄድ፣ የዚህ አካባቢ ትንንሽ ጠማቂዎች ግን እስከ ዛሬ አልተዉትም።

ጥቁር ቢራ ሲባል ጊነስ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ጊነስ ደረቅና መራር ነው፤ ማይልድ ለስላሳ ሆኖ በስተመጨረሻ ትንሽ ይጣፍጣል። መራርነት የሚሰጠው ሆፕ የሚገባበት ለወጉ ያህል ነው። አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 በመቶ ቢሆን ነው። ታዲያ ጣዕሙን ከየት ያመጣዋል ቢባል፣ ሥራው ሁሉ ያለው ብቅሉ ላይ ነው። ክሪስታል የሚባለው ብቅል ሲዘጋጅ የበቀለው ገብስ ሳይደርቅ፣ እርጥቡን እንዳለ ይሞቃል። ያኔ ስኳሩ እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ይቀልጥና ሲደርቅ ይጠጥራል፤ ፍሬዋን በጥርስ ሲሰብሯት ትጣፍጣለች። ከዚህ ላይ ከሰል እስኪመስል የተቆላ ጥቁር ብቅል ትንሽ ይጨመራል። እንዲህ ያለውን ብቅል ሳያሳርሩ ለመቁላት የሚያስችለውን ተሽከርካሪ በርሜል ዳንኤል ዊለር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1817 በፓተንት አስመዝግቦታል። ጥቂቱ ብቻ አንድ ጋን ሙሉ ያጠቁራል።

ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አይከብድም። ጠላን የሚያጠቁረው የአሻሮው አቆላል መሆኑን የጠላ ቤት ደንበኛ ሁሉ ያውቃል። ማይልድን ግን በአልኮሉ ማነስ ብቻ ቅራሪ ነው ብሎ መናቅ ስህተት ነው። ቅራሪ ዋናው ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮበት የሚገኝ ነው፤ ማይልድ ከመጀመሪያው ቀለል እንዲል ታስቦ የሚጠመቅ ነው። እንዲያውም ጠማቂውን የሚፈትነው እንዲህ ያለው ቢራ ይመስለኛል፤ ጉድለቱን የሚሸፍንለት አልኮል የለውማ።

ድሮ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማይልድ የሚባለው ሳይቆይ ትኩሱን የሚሸጥ ቢራ ሲሆን ብርቱም ነበር። ያቀለለው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ እህሉ ለዳቦ ተፈለገ፣ ቀረጡ ናረ፣ መንግሥትም የቢራውን ውፍረት ወሰነ። ጦርነቱ ሲያበቃ ቢራው ወደ ቀድሞ ጉልበቱ አልተመለሰም።

የድሮውን ብርታት መቅመስ የፈለገ ሰው እዚያው ብላክ ካንትሪ ውስጥ ሴጅሊ ወደምትባለው ኮረብታማ ከተማ ይሂድ። እዚያ ቢከን ሆቴል የሚባል የቆየ መጠጥ ቤት አለ፤ ከጀርባው ደግሞ የራሱ ጠመቃ። ሳራ ሂዩዝ የተባለች ሴት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ገዝታው «ዳርክ ሩቢ» የተባለውን ማይልድ ስትጠምቅበት ኖራለች። ጠመቃው በ1950ዎቹ ተቋርጦ በ1987 የልጅ ልጇ እንደገና አስጀመረው። አልኮሉ 6 በመቶ ነው፤ ብርሃን ላይ ሲይዙት ጥቁር የመሰለው ቀይ ሆኖ ይወጣል። መጥመቂያው ማማ ነው፦ ውኃና ብቅል ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከዚያ ድፍድፉ ከፎቅ ወደ ፎቅ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መጠጥ ቤቱ ውስጥ መሃል ላይ በእንጨትና በመስታወት የታጠረች ጠባብ ክፍል አለች። አሳላፊው እዚያ ውስጥ ሆኖ በትንንሽ መስኮቶች ለየክፍሉ ያቀብላል፤ ለማዘዝ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። አብሮ የሚበላው በአይብና በቀይ ሽንኩርት የተሞላ ክብ ዳቦ ነው። አጠገቡ የሚሸጠው ጥብስ ቆዳ ግን የአሳማ ነውና ሳያውቁ እንዳያነሱት።

ጾም ለሚጠብቅ ሌላም ነገር አለ። ይህ ቢራ ሳይጣራ፣ እርሾው በሕይወት እያለ በርሜል ይገባል፤ መጠጥ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ መፍላቱን ይቀጥላል። እርሾው እንዲዘቅጥ ከጥንት ጀምሮ የሚጨመርበት ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚገኝ ነገር ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። ዛሬ ግን ይህን ትተው ጉሹን የሚሸጡ ጠማቂዎች አሉ።

ማይልድን የጎዳው ቀጥቃጮቹ ይሠሩባቸው የነበሩት ፋብሪካዎች መዘጋት ብቻ አይደለም፤ የሽማግሌ መጠጥ የሚል ስምም ወጥቶለታል። የባሰው ግን ሌላ ነው። የተከፈተ በርሜል ጥሩ ሆኖ የሚቆየው ሦስት ቀን ያህል ነው። ጠጪው ሲያንስ በርሜሉ ሳያልቅ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠውን የቀመሰ ሰው አይደግመውም፤ ጠጪውም ይብሱን ያንሳል። ብዙ መጠጥ ቤቶች ማይልድን ያወጡት በዚህ መንገድ ነው።

የሞተ ግን አይምሰላችሁ። በ2007 የብሪታንያ የዓመቱ ምርጥ ቢራ ሆኖ የተሸለመው ሆብሰንስ የተባለ የሽሮፕሺር ትንሽ ጠማቂ ያቀረበው ማይልድ ነው፤ አልኮሉ 3.2 በመቶ! ከ2023 ወዲህም የእንግሊዝ የቀረጥ ሕግ ከ3.5 በመቶ በታች ለሆነ ቢራ ቀረጡን ስለሚያቀልለት ለጠማቂው ያዋጣል። ባህላዊ ቢራን ለመታደግ በ1971 የተቋቋመው ካምራ የተባለው ማኅበር ደግሞ የግንቦትን ወር ለማይልድ ሰጥቶታል፤ በዚያ ሰሞን ብዙ ስለሚጠጣ በርሜሉ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በሌላው ወር የሚሄድ ሰው ከማዘዙ በፊት በርሜሉ መቼ እንደተከፈተ አሳላፊውን ይጠይቅ፤ «ዛሬ» ወይም «ትናንት» ካለው ይዘዝ። ብርጭቆው በበረዶ የቀዘቀዘ አይሆንም፤ ከ11 እስከ 14 ዲግሪ ነው፣ ቢራውም የተበላሸ አይደለም።