በፀረ ተባይ ኬሚካል ማሸጊያ ላይ የሚጻፉት ሁለት የላቲን ቃላት ምን ይናገራሉ?

በፀረ ተባይ ኬሚካል ማሸጊያዎች ላይ፣ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ መካከል፣ ዘመም ተደርገው የተጻፉ ሁለት ቃላት ይታያሉ። እነዚህ ቃላት የተባዩ ሳይንሳዊ ስያሜ ናቸው። ሰብልና አረምም በዚሁ መንገድ ይሰየማሉ። የአገር ቤት ስም ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም፣ ሳይንሳዊው ስያሜ ግን በየትኛውም አገር አንድ ነው።

የስያሜው ጥቅም በተምች ጎልቶ ይታያል። አርሶ አደሩ "ተምች" ብሎ የሚጠራቸው ሁለት የተለያዩ ተባዮች አሉ። ነባሩ የአፍሪካ ተምች "ስፖዶፕቴራ ኤክሴምፕታ" ሲባል፣ በ2009 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ደግሞ "ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ" ይባላል። የመጀመሪያው ቃል ወገናቸውን፣ ሁለተኛው ቃል ዝርያቸውን ያመለክታል። ወገናቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው ይለያያል። ነባሩ ተምች በመንጋ እየተጓዘ ሣርና የብርዕ ሰብሎችን ያወድማል፤ መጤው ግን በበቆሎው እምቡጥ ቅጠሎች መሐል ተደብቆ ይመገባል። ስለዚህ የሚረጨው መድኃኒት ትሉ ሳያድግ፣ እስከ ተደበቀበት ድረስ መድረስ ይኖርበታል።

የአጻጻፍ ሥርዓቱ

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የወገኑ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የዝርያው ስም ግን ከቦታ ስም የመጣ ቢሆንም እንኳ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። የቡና ስያሜ በሆነው "ኮፊያ አራቢካ" ሁለተኛው ቃል ዓረብን ቢያስታውስም የሚጻፈው በትንሽ ፊደል ነው። ይህን ስያሜ በ1753 እ.ኤ.አ ያወጣው ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው፤ የቡናው መገኛ ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው።

ከስያሜው በፊት "ዘ" የሚለው የእንግሊዝኛ መስተአምር አይገባም፤ የብዙ ቁጥር ምልክትም አይጨመርበትም። ስያሜው አንድ ጊዜ በሙሉ ከተጻፈ በኋላ ወገኑ በመጀመሪያ ፊደሉና በነጥብ ብቻ ይወከላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከተምቹ ስም በፊት የሚጻፈው "ኤስ" የተሰኘው ፊደል ከአቀንጭራ ስምም በፊት ይጻፋል። የአቀንጭራ ወገን "ስትራይጋ" ነውና። አንዱ ነፍሳት ሌላው አረም በመሆኑ፣ ሁለተኛውን ቃል ሳያነቡ መድኃኒት መምረጥ ያሳስታል።

ስያሜው የማይነግረው

ሁለቱ ቃላት የምርጥ ዘርን ዓይነት አይለዩም። ነጭ ጤፍም ሆነ ቀይ ጤፍ ሁሉም "ኢራግሮስቲስ ቴፍ" ነው። በተለምዶ "ምርጥ ዝርያ" የሚባለው ራሱን የቻለ ሌላ ስም አለው፤ ዘር ገዢ መጠየቅ ያለበትም ያንን ስም ነው።

ስያሜም በጥናት ይለወጣል። የጣና ሐይቅን የወረረው እምቦጭ "ኢክሆርኒያ ክራሲፔስ" ይባል ነበር፤ በአሁኑ አመዳደብ "ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ" ሆኗል። ሁለተኛው ቃል ባለበት መቆየቱ አረሙ ያው መሆኑን ይጠቁማል።

የላቲን ፊደል ለማያነብ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፤ መድኃኒት ከመግዛቱ በፊት ትሉን ከተበላው ቅጠል ጋር ይዞ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳየት፣ ከዚያም ባለሙያው የሚነግረው ስያሜ በማሸጊያው ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ይችላል።