የአሮጌ ትራክተሮች የጉተታ ውድድር፦ ማን ከማን ጋር ይሰለፍ?

ሻቩዖት ሲደርስ በሃዴራ ዙሪያ ያሉ ኪቡጾች ትራክተሮቻቸውን አጥበው፣ በነዶና በአበባ አስጊጠው፣ ሕፃናት የተሳፈሩበትን ተጎታች እያስከተሉ ለሰልፍ ያወጣሉ። ቤተ እስራኤል በጎንደር ሳለ ማእረር ብሎ የመከሩን በዓል ያከብር ነበር፤ እዚህ ደግሞ በመከሩ በዓል ትራክተሩም አብሮ ይከበራል። በሰልፉ መሃል አንዳንዴ የአያቶች ዘመን ትራክተር ጭሱን እያትጎለጎለ ብቅ ይላል። እንዲህ ያሉትን የሚጠግኑና የሚንከባከቡ ሰዎች በአገሩ ጥቂት አይደሉም። ከሃዴራ በስተምሥራቅ በኤን ሼሜር ኪቡጽ ‹‹አሮጌው ግቢ›› በሚባለው ስፍራ፣ በስተደቡብም በሻሮን ሜዳ በኤን ቬሬድ የትራክተር ሙዚየም፣ የቆዩ የእርሻ መሣሪያዎች ታድሰው ይታያሉ።

የአሮጌ ትራክተር ባለቤቶች በተገናኙበት ሁሉ ‹‹የማን ይበልጥ ይጎትታል?›› የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህ ጥያቄ ራሱን የቻለ የስፖርት ዓይነት ወልዷል። በእኛ አካባቢ ሜዳ ተገኝቶ እንዲህ ያለ ውድድር ቢታሰብ፣ ከሽልማቱና ከድምፅ ማጉያው በፊት መወሰን ያለበት ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ ነው። ምድቡ ካልተስተካከለ ውጤቱ ሞተሩ ሳይነሣ ይታወቃል፤ የተሸነፈውም በሚቀጥለው ዓመት ትራክተሩን ይዞ አይመጣም።

ውድድሩ ምን እንደሆነ ላላየ ሰው ባጭሩ ልናገር። ትራክተሩ በሰንሰለት ከአንድ ሸክም ጋር ተያይዞ በቀጥታ መስመር ይጎትታል፤ ረጅሙን ርቀት የሄደ ያሸንፋል። ቀድሞ በፈረስ ይደረግ የነበረው ጉተታ በትራክተር የተጀመረው በ1929 በአሜሪካ፣ በሚዙሪና በኦሃዮ ግዛቶች ነው። በድሮው አደራረግ ሰዎች በመስመሩ ዳር ተራርቀው ይቆሙና ሸክሙ ሲያልፍ አንድ በአንድ እየዘለሉ ይወጡበት ስለነበር ክብደቱ በየእርምጃው ይጨምራል። ኋላ ግን ጎማ ያለው ልዩ ተጎታች ተሠራ። በዚህ ተጎታች ላይ ያለው የክብደት ሣጥን ጉዞው በገፋ ቁጥር ከኋላ ጎማዎቹ ወደ ፊት እየተንሸራተተ፣ መሬት ለመሬት በሚጎተተው የፊት ብረት ላይ ይጫናል። ጅማሬው ቀላል፣ መጨረሻው ከባድ ነው ማለት ነው። በአውሮፓ የመስመሩ ርዝመት 100 ሜትር ነው፤ እስከ ጫፍ የደረሰ ‹‹ሙሉ ጉተታ›› ጎተተ ይባላል።

ታዲያ ትራክተሮች በምን ይመደቡ? አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚለው ‹‹በፈረስ ጉልበት›› ነው። እኔ ግን ለአሮጌ ትራክተር ከዚህ የባሰ መለኪያ የለም እላለሁ። ፋብሪካው በመጽሐፉ የጻፈው ቁጥር ትራክተሩ አዲስ ሳለ የነበረው ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ ሞተሩ ደክሞ ይሆናል፣ ወይም ባለቤቱ ፒስተኑን አስፍቶ፣ የነዳጅ ፓምፑን ከፍቶ ከተጻፈው በላይ አድርጎት ይሆናል። ሜዳ ላይ ቆሞ ይህን የሚያውቅ ዳኛ የለም። የፋብሪካ ቁጥርም ቢሆን ድሮ የሚታመን አልነበረም። የአሜሪካዋ የነብራስካ ግዛት በ1919 ሕግ ያወጣችው አምራቾች በማስታወቂያ የሚያወሩትና ገበሬው በእርሻው ላይ የሚያገኘው ጉልበት አልገናኝ ስላለ ነበር። ሕጉን ያመጣው ዊልሞት ክሮዚየር የሚባል የምክር ቤት አባል ራሱም ገበሬ ነበር። ከ1920 ጀምሮ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሳይፈትነው ትራክተር በግዛቲቱ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ፋብሪካ ስለ ገዛ ዕቃው የሚለውን መንግሥት ካላመነ፣ የውድድር አዘጋጅም ባለቤቱ የሚለውን አምኖ መመደብ የለበትም። ማንም ሊያየው የሚችል ልኬት ይፈልግ።

ያ ልኬት ክብደት ነው። አገር ቤት አራሽ በሬዎቹን ሲያቀናጅ ቁመትና አቅም የሚመጣጠኑትን መርጦ ቀንበር እንደሚጭን ሁሉ፣ ትራክተርም ከክብደት አቻው ጋር ይሰለፍ። ነገሩ የልማድ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ትራክተር የሚጎትተው ጎማው መሬቱን በያዘው ልክ ነው፤ ጎማው የሚይዘው ደግሞ በተጫነው ክብደት ልክ ነው። 2,000 ኪሎ የሚመዝን ትራክተር በጠንካራ አፈር ላይ የክብደቱን 60 በመቶ ያህል ቢጎትት ጉተታው 1,200 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሞተሩ ምንም ቢበረታ ጎማው ባለበት እየተሽከረከረ ጉድጓድ ይቆፍራል። ከ1946 እስከ 1956 ከ500,000 በላይ የተመረተው ትንሹ ፈርጉሰን ቲኢ 20 ክብደቱ 1,100 ኪሎ ገደማ ነው። ከ1963 ጀምሮ የወጣው ጆን ዲር 4020 ግን ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል። እነዚህን ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ማቆም ውድድር አይባልም።

እዚህ ላይ ‹‹እኩል የሚመዝኑ ሆነው የአንዱ ሞተር እጥፍ ጉልበት ቢኖረውስ?›› ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ትክክል ነው። መልሱ የፍጥነት ገደብ ነው፤ ከደንቦቹ ሁሉ ብልህ ሆኖ የማገኘውም ይህን ነው። ያንኑ 1,200 ኪሎ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ለመጎተት ጎማው ላይ 18 የፈረስ ጉልበት ያህል ይበቃል። በማርሽና በመንሸራተት የሚባክነው ሲታከል የሞተሩ ድርሻ 25 ገደማ ይሆናል፤ ይህን ያህል ደግሞ የ1950ዎቹ መካከለኛ ትራክተር አያጣም። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ልጎትት ያለ ግን ጎማው ላይ ብቻ 53 የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ በሰው እርምጃ ልክ፣ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ባለው ከተገደበ፣ ትልቁ ሞተር ትርፍ ጉልበቱን የሚያውልበት ቦታ ያጣል። ውድድሩ በሚዛን፣ በጎማና በነጂው ብልሃት ላይ ይወድቃል። ለተመልካችም ደስ ይላል፤ ሞተሩ ሲያቃስት፣ ጎማው ሲይዝና ሲለቅ በዓይን ይታያል። ፍጥነቱን ለመቆጣጠር አንድ ሰው ከጎን እየተራመደ ቢሄድ ወይም ተጎታቹ ላይ የፍጥነት መቁጠሪያ ቢገጠም ይበቃል፤ ከልክ ያለፈ አንዴ ባንዲራ ይታየዋል፣ ከደገመ ጉተታው እዚያው ይቆማል።

ሚዛኑ እንዴት ይያዝ? ትራክተሩ ነዳጁንና ውሃውን ሞልቶ፣ የጨመረውን ክብደት ሁሉ ጭኖ፣ ነጂውም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይመዘን። በ1,500 ኪሎ ምድብ 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅና 110 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ያላቸው ልዩነት ቀላል አይደለም። የጭነት መኪና የሚመዘንበት የምድር ሚዛን ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ በየጎማው ሥር የሚገባ ተንቀሳቃሽ ሚዛን ይሠራል። ሚዛኑ በ20 ኪሎ ቢሳሳት እንኳ ለሁሉም እኩል እስከተሳሳተ ድረስ ፍትሕ አልተጓደለም፤ የሚጎዳው አንዱን በአንድ ሚዛን፣ ሌላውን በሌላ መመዘን ነው። ከምድቡ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ከመስመሩ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ሚዛን ተመልሰው ይመዘኑ።

ከክብደት ቀጥሎ ብዙ ጠብ የሚያስነሣው ሰንሰለቱ የሚያዝበት ከፍታ ነው። ትራክተር ሲጎትት የፊቱ ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መንጠቆው ከፍ ባለ ቁጥር የሚሸሸው ክብደት ይበዛል፣ የኋላ ጎማውም ይበልጥ ይይዛል። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መሃል 190 ሳንቲ ሜትር ያለውን ትራክተር እንውሰድ። 1,200 ኪሎ ሲጎትት መንጠቆው 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ወደ ኋላ የሚዞረው 316 ኪሎ ነው፤ 60 ላይ ከሆነ ግን 379። በአሥር ሳንቲ ሜትር ከፍታ 63 ኪሎ የኋላ ጭነት ያለ ሚዛን ተገኘ ማለት ነው። ብዙ የአሜሪካ የአሮጌ ትራክተር ውድድሮች ከፍታውን በ20 ኢንች፣ ማለትም በ51 ሳንቲ ሜትር ግድም የሚወስኑት ለዚህ ነው። ዳኛው ሜትሩን ይዞ፣ ጎማው ከተነፋ በኋላ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ይለካ። መንጠቆው የማይነቃነቅ ይሁን፤ በጉተታው መሃል ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

ይህ ደንብ ሕይወትም ያድናል። በድሮዎቹ ፎርድሰኖች ማረሻው ድንጋይ ሲይዝ ትራክተሩ ፊቱን አንሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጥ ነበር፤ ብዙ ነጂዎችም ሞተውበታል። ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻን ከትራክተር ጋር የሚያገናኘውን ባለ ሦስት ክንድ መያዣ ሲፈለስፍ ካሰባቸው ነገሮች አንዱ ይህን መገልበጥ ማስቀረት ነበር። ሰንሰለትን ከላይኛው ክንድ ወይም ከኋላ ጎማው መሃል በላይ ካለ ቦታ ማሰር ያንኑ አደጋ በእጅ መጥራት ነው። ማንም ቢለምን፣ ‹‹ለአንዴ ብቻ›› ቢል አይፈቀድ። የተጨመሩት የክብደት ብረቶች በብሎን ይታሰሩ፤ ክብደት ለመሙላት ተብሎ ሰው አይጫን። ከነጂው ወንበር በእጅ የሚደረስበት የሞተር ማጥፊያ ይኑር፤ ተመልካች ከመስመሩ ርቆ ከአጥር ኋላ ይቁም። በእስራኤል የትራክተር መንጃ ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ስለሚገኝ፣ ከዚያ በታች ያለ ልጅ መሪ አይያዝ።

ዕድሜን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ዓመት ይጻፍ። በእስራኤል መኪና የሰብሳቢ ተሽከርካሪ የሚባለው 30 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ይህን ለትራክተር ውድድር ከወሰድነው ግን በየዓመቱ አዲስ ሞዴል እየገባ አሮጌዎቹን ይውጣቸዋል። ‹‹እስከ 1960 የተመረተ›› የሚል አንድ ምድብ፣ ‹‹ከ1961 እስከ 1975›› የሚል ሌላ ምድብ ይሻላል። ድንበሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ አሊስ ቻልመርስ ዲ 19 በ1961 ከፋብሪካው ቱርቦ ተገጥሞለት ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ዘመኑ ሌላ ነው። በመጀመሪያው ምድብ ቱርቦ አይግባ። የብረት ጎማ ያላቸው ለብቻቸው ይሁኑ፤ ጥርሱ በመጋዝ የተሳለ ጎማና ጥንድ ጎማ ይከልከል።

አፈሩም ተወዳዳሪ ነው። የሃዴራና የሻሮን ቀይ አሸዋማ አፈር፣ ሐምራ የሚባለው፣ ሲደርቅ ይፈርሳል፤ በልኩ ሲረጥብ ደግሞ ደህና አድርጎ ይይዛል። በመሆኑም መስመሩ ከዋዜማው ውሃ ጠጥቶ በከባድ ሮለር ይጠቅጠቅ፣ ከእያንዳንዱ ጉተታም በኋላ ይደልደል። ማን ቀድሞ እንደሚጎትት በዕጣ ይወሰን። የመጀመሪያው ጎታች መስመሩን ለሌሎች የሚፈትን ስለሆነ፣ ከፈለገ ውጤቱን ትቶ በመጨረሻ እንደገና እንዲጎትት መፍቀድ በውጭ አገር የተለመደ መልካም ሥርዓት ነው።

አንድ ችግር ይቀራል። በትንሽ ከተማ የሚመጡት ትራክተሮች ስምንት ወይም አሥር ቢሆኑስ? ስድስት ምድብ ቢከፈት አንዳንዱ ብቻውን ጎትቶ ብቻውን ይሸለማል። ያኔ በመቶኛ መፍረድ ይሻላል፤ የጎተተው ለራሱ ክብደት ይካፈል። 1,100 ኪሎ የሚመዝነው ፈርጉሰን 800 ኪሎ ቢጎትት 73 በመቶ አገኘ፤ 3,600 ኪሎ የሚመዝነው 2,300 ቢጎትት 64 በመቶ ነው፣ ፈርጉሰኑ ያሸንፋል። ለዚህ ደግሞ ውድ ተጎታች አያስፈልግም፤ ከሰንሰለቱ መሃል የሚገባ የጉተታ መለኪያና በሲሚንቶ ብሎክ የተጫነ የብረት መንሸራተቻ ይበቃል። ለመጀመሪያ ዓመት እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከሁመራ የሰሊጥ እርሻ ትራክተር የሚያስታውሱ፣ አዳማ ይገጣጠም የነበረውን ቤላሩስ የሚያውቁ አባቶች ትንሿ ስታሸንፍ ቢያዩ ደስታቸው ይታየኛል።

ደንቡ ከውድድሩ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይውጣ፣ በዕለቱም አይለወጥ። ዳኛው የራሱ ትራክተር፣ የወንድሙም ሆነ የአማቹ ትራክተር በውድድሩ የሌለ ሰው ይሁን። ቅሬታ ያለው ቀጣዩ ምድብ ሳይጀመር በጽሑፍ ያቅርብ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ሰምተው እዚያው ይወስኑ። በሃዴራ ዙሪያ አይሁድም ዓረብም ገበሬዎች ስላሉ፣ የመለኪያዎቹ ዝርዝር በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በአማርኛ ተጽፎ ሚዛኑ አጠገብ ይለጠፍ።