አየርላንዳውያን አንጥረኛቸውን እንዴት ያዙት?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራክተር ፈረሱን ከእርሻ እስኪያስወጣው ድረስ፣ በአየርላንድ ገጠር ያለ አንጥረኛ የሚኖር ሰፈር ማግኘት ያስቸግር ነበር። የፈረሱ ኮቴ ብረት የሚመታለት፣ ማረሻው የሚጠገነው እዚያው ነው። የጋሪ እግር ሲሠራ የብረት ቀለበቱ በእሳት ይግልና በእንጨቱ ዙሪያ ይጠለቃል፤ ውሃ ሲደፋበት ተኮማትሮ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

ሰው ወደዚያ የሚሄደው ግን ለሥራ ብቻ አልነበረም። ዝናብ ሥራ ያስፈታው ገበሬ ሁሉ ወናፉ አጠገብ ተሰብስቦ እሳት ይሞቃል፣ ወሬ ይለዋወጣል፣ ስለ መሬትና ስለ መንግሥት ይከራከራል። እ.ኤ.አ. በ1798 ሕዝቡ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ሲነሳ ዋናው መሣሪያው አንጥረኞች የሠሩለት ረጅም ጦር ነበር። መንግሥትም ይህን ያውቅ ስለነበር ወታደሮቹ አንጥረኞችን ገረፉ፣ የሥራ ቤታቸውን አቃጠሉ።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። አየርላንዳውያንም እንደ አገራችን ሰው አንጥረኛን ይፈሩ ነበር። በቅዱስ ፓትሪክ ስም የሚጠራው ጥንታዊ ጸሎት ከአንጥረኞች ድግምት እንዲጠብቅ አምላክን ይለምናል። አንጥረኛ መስፉን አዙሮ ከተራገመ እርግማኑ ይደርሳል ይባል ነበር። ይሁን እንጂ ያው ሕዝብ አንጥረኛው ብረት የነከረበትን ውሃ ለኪንታሮት መድኃኒት ነው ብሎ ይወስድ ነበር። ፍርሃቱ አክብሮትን እንጂ ንቀትን አልወለደም። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ የፎክሎር ኮሚሽን የአገሩን ትውፊት በተማሪዎች ሲያሰበስብ፣ ልጆቹ ሽማግሌ ጠይቀው እንዲጽፉ ከተሰጧቸው ርዕሶች አንዱ የአካባቢያቸው አንጥረኛ ቤት ነበር።

በአገራችንስ? ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሠራው ሰው “ቡዳ” ተባለ፤ መሬትና ጋብቻ ተነፈገ። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን አውሮፕላን ተሳፍሮ ከእኛው ጋር ባሕር ተሻግሯል። በሰው አገር በቀለማችንና በስማችን ስንናቅ “ፍትሕ!” እያልን በየአደባባዩ እንጮኻለን። ልጃችን የወደደችውን ስታስተዋውቀን ግን “አጥንቱ ከየት ነው?” የሚለው ጥያቄ ከአፋችን አልጠፋም። የፍትሕ ጩኸታችን እንዲታመንልን ከፈለግን ይህን ጥያቄ በየቤታችን ማቆም ይኖርብናል።