ሳሎን ውስጥ የሚቆም ገበያ

አንዲት ሴት ጓደኞቿንና ጎረቤቶቿን ቤቷ ትጠራለች። ሻጯ ዕቃዋን ይዛ ትመጣና ሲሠራ ታሳያለች፤ የፈለገ ያዛል፤ ጋባዧም ለድካሟ ስጦታ ታገኛለች። የቤት ግብዣ ሽያጭ ማለት ይኸው ነው። ሻጮቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ከሸጡት ላይ ኮሚሽን ያገኛሉ። እነሱን መልምላ፣ አሠልጥናና ተከታትላ የምትመራቸው ደግሞ ቡድኗ ከሸጠው ላይ ድርሻ አላት።

ይህ አሠራር የሚገባውን ክብር ሲያገኝ አይቼ አላውቅም። ስለ ንግድ አመራር ሲወራ ፋብሪካና ባንክ ይነሣል እንጂ ቢሮም ዲፕሎማም ሳይኖራቸው ከማእድ ቤታቸው ሆነው በመቶ የሚቆጠሩ ሻጮችን ስለመሩ ሴቶች የሚያነሣ የለም። የሰው አመራር ጥበብ ግን እነሱ ዘንድ በደንብ ይታያል። ደመወዝ የማትከፍለውን፣ መቅጣትም ማባረርም የማትችለውን ሰው ነገ ጠዋት ለሥራ እንዲነሣ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም።

የዘርፉ ታሪክ በአሜሪካ ረጅም ነው (የአሜሪካው ዘመን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ዛሬ ኤቨን የምንለው ድርጅት በ1886 ሽቶ በሴቶች እጅ ቤት ለቤት መሸጥ ጀመረ። በ1931 የተመሠረተው ስታንሊ ሆም ፕሮዳክትስ ብሩሽና የጽዳት ዕቃውን በቤት ግብዣ አሳይቶ መሸጥን አስፋፋ። አሠራሩን ወደ ከፍታው ያወጣው ግን አንድ የፕላስቲክ ክዳን ነው።

ኧርል ታፐር የተባለው ፈልሳፊ በ1946 ከፖሊኢትሊን የተሠራ፣ ቢወድቅ የማይሰበር ጎድጓዳ ሳህን ለገበያ አቀረበ። አየር የማያስገባውን ክዳን የነደፈው ከቀለም ቆርቆሮ ክዳን ተነሥቶ ነው። ዕቃው ድንቅ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለበሰ። ክዳኑ በትክክል እንዲገጥም መሃሉን በጣት ተጭኖ፣ ጠርዙን ትንሽ ከፍ አድርጎ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህን ያላየ ገዢ ክዳኑ አልገጥም አለኝ ብሎ ይመልሰዋል። የሱቅ መደርደሪያ አያስተምርም፤ ሰው ግን ያስተምራል።

ያቺ ሰው ብራውኒ ዋይዝ ነበረች። በ1913 በጆርጂያ ተወለደች፤ ከባሏ ተፋታ አንድ ልጇን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። ዲትሮይት አካባቢ በጸሐፊነት እየሠራች ጎን ለጎን የስታንሊን ዕቃ ትሸጥ ጀመር፤ በኋላ ታፐርዌር ወደተባለው የታፐር ዕቃ ዞረች። በወይን ጭማቂ የሞላችውን ሳህን ከድና ክፍሉን አሻግራ ትወረውረው ነበር፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ፍሎሪዳ ከገባች በኋላ ያዘዘችው ዕቃ ቢዘገይባት ስልክ አንሥታ ታፐርን ራሱን አነጋገረችው። በ1951 ታፐር ዕቃውን ከሱቆች አውጥቶ በቤት ግብዣ ብቻ እንዲሸጥ ሲወስን የሽያጩን ክፍል ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ የሾመው እሷን ነው። በሚያዝያ 1954 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ሽፋኑ ላይ አወጣት፤ በዚያ ሽፋን ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ነች።

ከዚህ ሥራ ሁሉ እኔ የምወደው አንድ ነገር ነው፤ ቀጠሮ። የታፐርዌር ሻጮች ቀጠሮ ከሚያገኙባቸው ዘዴዎች አንዱ በካሮት ነበር። ሻጯ የሰፈሩን በር ታንኳኳለች፤ ለመሸጥ ግን አይደለም። ለቤቲቱ እመቤት አንድ ዕቃ ታውሳትና «አንድ ካሮት በዚህ ውስጥ፣ ሌላውን እንደ ልማድሽ አስቀምጪው» ብላት ትሄዳለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ስትመለስ የትኛው ካሮት እንደ ጠወለገ ሴትዮዋ በዓይኗ አይታለች። ያን ጊዜ ጎረቤቶቿን ጠርታ ይህንኑ እንድታሳያቸው መጠየቅ ቀላል ነው። ገና ምንም ሳይሸጥ ቀን ተቆረጠ።

በአንድ ግብዣ ላይ ከሚሸጠው ዕቃ ይልቅ ከዚያ ግብዣ የሚወለደው ቀጠሮ ይበልጣል። ዐሥር ሴቶች መጥተው ሁለቱ «የሚቀጥለው በእኔ ቤት ይሁን» ካሉ ሥራው ነገም አለ። አንዲትም ካላለች ሽያጩ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው እዚያው ሳሎን ውስጥ አብቅቷል። ለዚህም ነው ለጋባዧ የሚሰጠው ስጦታ በተሸጠው ብቻ ሳይሆን ከእንግዶቿ መካከል ቀጣዩን ግብዣ ለመጥራት ቀን በቆረጡትም ቁጥር የሚሰፈረው።

እንግዲህ የቡድን መሪ «ስንት ሸጥሽ?» ከማለቷ በፊት «የቀጠሮ ደብተርሽን አሳዪኝ» ማለት አለባት። ደብተሩን ማንበብ የሚችል መሪ ሻጯ ያልተናገረችውን ያውቃል። የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ባዶ ከሆኑ ሻጯ ሥራውን ለመተው አንድ እርምጃ ቀርቷታል፤ እሷ ራሷ ገና ሳታውቀው። ቀጠሮው ሁሉ በእህት፣ በአክስትና በአማት ቤት ከሆነ ዘመድ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃልና ከዘመድ ውጭ የምትወጣበትን በር አሁኑኑ አብሮ መፈለግ ይሻል። የተሰረዘ ቀጠሮ ከበዛ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከእንግዶቹ ሳይሆን ከዝግጅቱ ነው፤ ጋባዧ ማንን እንደምትጠራ አልተጻፈም፣ ግብዣው ሁለት ቀን ሲቀረው አልተደወለላትም፣ ጥቂቱ እንደሚቀር ታስቦ ከወንበሯ በላይ እንድትጠራ አልተነገራትም።

ስለ ምልመላም ያለው የተሳሳተ አስተሳሰብ ከዚሁ የክትትል ጉድለት ይነሣል። ብዙ ሰው ቡድን መገንባት ማለት ስም መሰብሰብ ይመስለዋል፤ ያገኘውን ሁሉ ያስመዘግባል፣ የማሳያ ዕቃውን ያሸክማል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። በሦስተኛው ወር ከተመዘገበው ውስጥ የሚሠራው ይጠፋና «ሰዉ ሰነፍ ነው» ይባላል። ሰዉ ሰነፍ አይደለም፤ መሪ አላገኘም። በደንብ የተመራ ግብዣ ራሱ መልማይ ነው። ጥሩ ሻጭ የምትሆነው ብዙ ጊዜ ትናንት ጋባዥ የነበረችው ነች፤ ሥራውን ከውስጥ ስላየችው ገቢውንም ልፋቱንም ታውቃለችና። መሪዋ በግብዣው መሃል ስትመለከት ዓይኗ ሊያርፍ የሚገባው ጮክ ብላ በምታወራዋ ላይ ሳይሆን ዕቃውን አንሥታ አጠገቧ ለተቀመጠችው በምታሳየዋ ላይ ነው።

የተመለመለችውን ብቻዋን መስደድም ጥፋት ነው። መጀመሪያ ከመሪዋ ጋር እየሄደች ትይ፤ ቀጥሎ በገዛ ቤቷ መሪዋ አጠገቧ ቆማ እሷ ታሳይ፤ ከዚያ በሰው ቤት መሪዋ ከኋላ ዝም ብላ ተቀምጣ ትሥራ። ሲያልቅ እንግዶቹ ሳይሰሙ አንድ የሚታረም ነገር፣ አንድ የሚመሰገን ነገር ይነገራት። በአንድ ጊዜ ዐሥር ስሕተት የተነገራት ሻጭ የምትሰማው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሥራ የእኔ አይደለም።

ምስጋናን ዋይዝ ከማንም በላይ ታውቅበት ነበር። «ታፐርዌር ስፓርክስ» በተባለው የድርጅቱ ሕትመት የሻጮች ስምና ፎቶ ይወጣ ነበር። በኪሲሚ ፍሎሪዳ በየዓመቱ በምታዘጋጀው ጉባኤ ላይ ሽልማቱን መሬት ውስጥ አስቀብራ ሴቶቹ በአካፋ ቆፍረው እንዲያወጡት አድርጋለች። አንዳንዱ ይህን እንደ ጫጫታ ያያል። እኔ ግን እላለሁ፤ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሠርታ ማንም «አበጀሽ» ብሏት ለማያውቅ ሴት ስሟ በሕዝብ ፊት መጠራቱ ከኮሚሽኑ የማይተናነስ ክፍያ ነው።

አሁን ወቀሳ አለኝ። በአዲስ አበባ በዚህ ዓይነት ሥራ ከገቡ ወጣቶች መካከል አንዷ «ቡና እንጠጣ» ብላ ጠርታኝ ስሄድ ሰሌዳ ተሰቅሎ፣ ሰው ተደርድሮ ጠበቀኝ። ስለ ዕቃው የተነገረው ጥቂት ነበር፤ የቀረው ሁሉ ስንት ሰው ባመጣ ስንት እንደማገኝ የሚያሳይ ስሌት ነው። ሰውን በቡና ጠርቶ ሌላ ነገር ማቅረብ የቡናውንም የሥራውንም ክብር ያወርዳል። ጥሪው «ዕቃ ላሳይሽ ነው፤ ካልወደድሽው አትግዢ» ይሁን። የሚመጣው ሰው ያንሳል፤ የመጣው ግን ነገም ስልክ ያነሣል።

ድንበሩም እዚህ ላይ ነው። ገቢው ዕቃውን ለሚጠቀም ሰው ከመሸጥ ከመጣ ንግድ ነው፤ አዲስ ሰው ከማስገባት ከመጣ ፒራሚድ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1979 አምዌይ የተባለው ድርጅት ፒራሚድ አይደለም ብሎ ሲወስን ከተመለከታቸው ነገሮች መካከል ያልተሸጠ ዕቃ እንዲመለስ የሚያደርገው ደንብ፣ ሻጩ ከገዛው ቢያንስ 70 በመቶውን እንዲሸጥ የሚጠይቀው ደንብ፣ እንዲሁም በየወሩ ለዐሥር ደንበኞች መሸጡን እንዲያሳይ የሚያስገድደው ደንብ ይገኙበታል። በአገራችንም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። ቡድን ውስጥ ለመግባት የምታስብ ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም አዲስ ሰው ባይገባ ይህ ቡድን ገቢ ይኖረዋል? መልሱ «የለውም» ከሆነ ትውጣ።

ዋይዝ ራሷ ከታፐር ጋር ተጋጭታ በ1958 መጀመሪያ ላይ ከሥራ ተባረረች። የኩባንያው አክሲዮን በስሟ አልነበረም፤ ያገኘችው የአንድ ዓመት ደመወዝ ያህል ነው። በዚያው ዓመት ታፐር ድርጅቱን ሸጠ። ስሟ ከድርጅቱ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ተሰወረ፤ የዘረጋችው አሠራር ግን ዓለምን ዞረ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቀጥተኛ ነው፤ ቡድን የምትመራ ሴት ድርሻዋን ገና ከጅምሩ በጽሑፍ ታስይዝ።

ታፐርዌር በመስከረም 2024 ከአበዳሪዎቹ የሚጠብቀውን የኪሳራ ከለላ ከፍርድ ቤት ጠይቋል። አሠራሩ ግን የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። የራሷን ቅቤ፣ ቅመም፣ ሽሮ ወይም የእጅ ሥራ ይዛ በዚህ መንገድ መሥራት የምትፈልግ ሴት ሻጭ ከመመልመሏ በፊት በሦስት የተለያዩ ሰፈሮች ሦስት ቀጠሮ ትያዝ፤ ሦስቱንም ራሷ ትሥራ። ከሦስቱ ሳሎኖች በአንዱ ዕቃውን አንሥታ ለጎረቤቷ የምታሳይ ሴት አትጠፋም። የቡድኑ የመጀመሪያ አባል እሷ ነች።