ዕቅዱ የማን ነው? ከፕላዝማ እስከ እጅ ስልክ

መስከረም ሲጠባ መምህራን ከሚሞሏቸው ወረቀቶች አንዱ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የግል ዕቅድ ነው። በመምህራኑ አፍ "ሲፒዲ" ይባላል። በምሥራቅ ጎጃም ቢቸናም ይሁን ሞጣ፣ ቅጹ ከአዲስ አበባው ብዙም አይለይም፤ ያለብኝ ክፍተት፣ የማከናውነው ተግባር፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ ማስረጃ። ክፍተት በሚለው ዓምድ ሥር እየተለመደ የመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ "ቴክኖሎጂን በመማር ማስተማሩ ሂደት በበቂ ሁኔታ አለመጠቀም"። ሰኔ ላይ ይኸው ዐረፍተ ነገር "መጠቀም ተችሏል" ተብሎ ይመለሳል፤ የመምህሩ ማስረጃ በሚሰበሰብበት ማኅደረ ተግባር ውስጥ ይገባል፤ ሱፐርቫይዘሩም ይፈርምበታል። በመስከረምና በሰኔ መካከል ተማሪው ምን አገኘ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት አጭር ነው። በአገራችን ክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ ሃያ ዓመት ያህል ሲገባና ሲወጣ የኖረው የመምህሩ ግብ ሳይሆን የሌላ ሰው ግብ ሆኖ ነው። አንዴ የትምህርት ሚኒስቴሩ፣ አንዴ የለጋሹ፣ አንዴ የሪፖርቱ። መምህሩ ራሱ ከሚያስተምረው ምዕራፍ ተነስቶ ያላወጣው ግብ ደግሞ መሣሪያው ሲበላሽ አብሮ ይበላሻል።

ስለ ቢቸናና ሞጣ ካነሳሁ፣ የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ግራውን ይዞ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ቀኙን የያዘ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። ቢቸና የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ። አገሩ የጤፍ አገር ነው፤ የትምህርትም አገር ነው። ከቢቸና የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ጉባኤው የታወቀ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ተምረውበታል፤ ኋላ የትምህርት ሚኒስትር እስከመሆን ደርሰዋል። በቅኔ ቤት ተማሪው ጉባኤ ቃና የሚባለው የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ሳይጠናለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ ሚበዝኁ አይሻገርም። መወድስ ለመቁጠር የሚቸኩል አይጠፋም፤ መቼ እንደሚያልፍ የሚወስነው ግን የልጁን ቅኔ በጆሮው የሰማው መምህር ነው። ደረጃው የታወቀ፣ ፍጥነቱ የእያንዳንዱ፣ ፍርዱ የመምህሩ። ይህን የማነሳው የድሮው ይሻላል ለማለት አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ሥርዓት እነዚህን ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለገለበጣቸው ነው።

ያ ሥርዓት ፕላዝማ ነው። በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት አብዛኛው በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ ከአዲስ አበባ ይለቀቅ ነበር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ፊዚክሱም ባዮሎጂውም እንግሊዝኛውም በስክሪኑ አስተማሪ ይሰጥ ጀመር። አርባ ደቂቃ ገደማ ከሚሆነው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን ስክሪኑ ይወስዳል። ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ለፕላዝማ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ላብራቶሪ ያልነበረው ትምህርት ቤት ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያ ስክሪን ነው። የሕዋስ ክፍፍልን በጠመኔ ለመሳል የሞከረ መምህር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ምን እንደሚያቀልለት ያውቃል። መምህር ባልተሟላበት ትምህርት ቤትም ከምንም ይሻል ነበር። የገጠር ልጅ ከከተማ ልጅ እኩል ትምህርት ያግኝ የሚለው ሐሳብም የሚናቅ አልነበረም፤ ለዚሁ ሲባል መብራት ላልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ጄኔሬተር እስከመግዛት ተደርሷል።

ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነበር። የስክሪኑ አስተማሪ በፈጣን እንግሊዝኛ ይናገራል፤ አንደኛ ደረጃን በአብዛኛው በአማርኛ ተምሮ የመጣው የ9ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ገና ጆሮው አልተፈታም። ጥያቄ ይጠየቅና ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ፣ ክፍሉ ገባውም አልገባው መልሱ ይነገርና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። "አንዴ ቆይልን" ቢሉት የሚቆም ሰው የለም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው፤ ስርጭቱ ቢቸና ላይ መብራት መጥፋቱን አያውቅም፣ ነገ ወደሚቀጥለው ርዕስ ይሄዳል። መምህሩም ዕቅድ ማውጣቱ ትርጉም አጣ። የሚያስተምረው ርዕስ፣ የሚያስተምርበት ቀን፣ የሚሰጠው ምሳሌ ሁሉ ከላይ ተወስኖ ይመጣል። ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ሥራው ማብራትና ማጥፋት ሆነ ብለው የቀለዱ ነበሩ፤ ቀልዱ ግን ቂም ያዘለ ነበር። ተማሪውም ቢሆን ሁለት አስተማሪ ፊቱ ቆመው አንዱ የማይሰማው፣ አንዱ የማይናገር ሆኑበት። ኋላ ኋላ ሥርዓቱ ያለ ብዙ ክርክርና ያለ ይፋ ስንብት እየደበዘዘ ሄደ። እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ነገር ምን አስተማረን ተብሎ በየትምህርት ቤቱ ከመምህራን ጋር በወጉ አልተመከረበትም።

ጥቅምት 2002 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያውን ማዕቀፍ አወጣ። በወረቀት ላይ ሲነበብ የፕላዝማ ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ መምህር፣ ርዕሰ መምህርና ሱፐርቫይዘር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለራሱ ሙያ ያውላል፤ ፍላጎቱን ይለያል፣ ያቅዳል፣ ይተገብራል፣ ይገመግማል። ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት በአማካሪ እየታገዘ ሙያውን ይለምዳል። ባልደረባ የባልደረባውን ክፍል ገብቶ ያያል፤ ተግባራዊ ምርምር ይሠራል፤ ሁሉም በማኅደረ ተግባር ይሰነዳል። የመጨረሻው ዓላማም በግልጽ ተቀምጧል፤ የተማሪው ውጤት መሻሻል።

ይህ ሰነድ ጥሩ ሰነድ ነው፤ ዛሬም ቢሆን አዲስ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ወደ ታች ሲወርድ ግን 60 ሰዓቱ ተቆጠረና ተማሪው ተረሳ። ማኅደረ ተግባሩ ከሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ ምዘናው ደግሞ ከጀማሪ መምህርነት እስከ መሪ መምህርነት ከሚወስደው የደረጃ ዕድገት ጋር ሲተሳሰር፣ ወረቀቱ ራሱ ግብ ሆነ። የባልንጀራውን ዕቅድ ቀድቶ ስሙን የሚቀይር መምህር ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚጠየቀው ወረቀቱን ብቻ መሆኑን ስላወቀ ነው።

የዛሬውም አካሄድ ከዚህ አይርቅም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ድጋፍ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነጻ ነው፤ ጊዜውና ኢንተርኔቱ ላለው ሰው ጠቃሚ ነው፤ መምህራንም እንዲወስዱት ይገፋፋሉ። ነገር ግን የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት ሰርተፍኬት ያገኘ የባዮሎጂ መምህር ማክሰኞ ጠዋት 60 ልጆች ፊት ሲቆም ምን ይለወጥለታል? ሰርተፍኬቱ ለማኅደረ ተግባሩ ይበቃል። ለክፍለ ጊዜው ግን ሌላ ዕቅድ ይፈልጋል።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ የሚለው ዘመቻ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ እኛም ዘንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ አረንጓዴ ኮምፒውተሮችን አምጥቶ ነበር። ይኸው ዘመቻ በስፋት በተተገበረባት ፔሩ፣ 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ውጤት በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ለውጥ አላገኙም። በአንጻሩ በኮሮና ጊዜ ቦትስዋና ውስጥ ከ4 ሺህ 500 በላይ ቤተሰቦችን ያሳተፈ ጥናት ተደርጎ ነበር። መሣሪያው ተራ የእጅ ስልክ ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች እምብዛም አልተሻሻሉም፤ ከመልእክቱ ጋር በየሳምንቱ አስጠኚ ደውሎ ሃያ ደቂቃ ገደማ ሒሳብ ያሠራቸው ግን ተሻሻሉ። ላፕቶፑ ከስልኩ ይበልጣል፤ ከስልኩ ጀርባ ግን ልጁ የቱ ጋ እንደተሳሳተ የሚሰማ ሰው ነበረ።

ወደ ቢቸናና ሞጣ እንመለስ፤ ምክንያቱም የዚያ መምህር ጉዳይ ከአዲስ አበባው የሚለይበት ከባድ ነገር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ምሥራቅ ጎጃም በክልሉ የተነሳው የትጥቅ ግጭት ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ገልጿል። ልጁ ትምህርት ቤት መምጣት ባልቻለበት ስለ ዲጂታል ክፍል ማውራት ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን በሮች በተከፈቱበት ሳምንት ሁሉ የባከነውን ጊዜ ማካካስ የመምህሩ ዕዳ ሆኗል፤ መጽሐፍም በእጁ የለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ሳይደርስ በፒዲኤፍ በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሁላችንም አይተናል። በዚያው ጊዜ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። መጽሐፉ ስልክ ውስጥ፣ ስልኩ ከግቢ ውጭ! ክልከላው ምክንያት የለውም አልልም፤ ግን አብሮ የሚሄድ መፍትሔ ያስፈልገው ነበር።

ስለዚህ የዚህ አካባቢ መምህር ግብ መጀመሪያ ሊያልፈው የሚገባው ፈተና፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ይቆማል ወይ የሚለው ነው። "በኢንተርኔት የታገዘ ትምህርት እሰጣለሁ" የሚል ዕቅድ በአንድ ሌሊት ይከሽፋል።

የማይከሽፈውን በምሳሌ ላሳይ። የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህርት እንውሰድ። በመጽሐፉ ውስጥ የማዳመጥ ልምምድ አለ፤ ምንባቡ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ስለሆነ እርሷ ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ ከኋላ የተቀመጡት አይሰሙም፤ በመጨረሻ ልምምዱ ይዘለላል። ዕቅዷ እንዲህ ቢሆንስ? "እስከ ኅዳር መጨረሻ የሦስቱን ምዕራፎች ምንባብ ቤቴ ውስጥ በስልኬ ቀድቼ በትንሽ ስፒከር ሁለት ሁለት ጊዜ አሰማለሁ። ከመጀመሬ በፊትና ከጨረስኩ በኋላ አምስት አምስት ጥያቄ ሰጥቼ ውጤቱን አነጻጽራለሁ።" ስፒከሩ ውድ አይደለም፤ ቻርጁ ሌሊት መብራት በመጣበት ሰዓት ይሞላል፤ ድምፁም በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ለሌላው ሴክሽን መምህር ይተላለፋል።

የፊዚክሱ መምህር ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው ፌት የተባለው ፕሮጀክት፣ የኤሌክትሪክ ዑደትን፣ የኃይልና እንቅስቃሴን፣ የማዕበልን ባሕርይ በስክሪን ላይ እየነካኩ የሚሞክሩባቸው ነጻ ማሳያዎች አሉት። ኢንተርኔት ባለበት ቀን አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ፕሮጀክተር ቢኖርም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮቱ ሁሉ ክፍት በሆነ ክፍል ውስጥ ቀን ላይ አይታይም፤ እንዳለም አድርጎ አያቅድ። በምትኩ ስድስት ስልክ ከባልደረቦቹ ተውሶ፣ ክፍሉን በስድስት ቡድን ከፍሎ፣ አንዱ ቡድን አምፖሎቹን በተከታታይ፣ ሌላው በትይዩ እንዲያገናኝ ቢያደርግ፣ ፕላዝማው ያልፈቀደውን "አንዴ ቆይልን" ልጆቹ ያገኛሉ። ለሒሳብ መምህሩ ደግሞ ምናልባት ከሁሉም የሚጠቅመው ካሜራው ነው። የሃያ ልጆችን ደብተር ፎቶ አንስቶ ማታ ሲያገላብጥ፣ ክፍልፋይ ላይ የሚሠሩት ስህተት አንድ ዓይነት መሆኑን ያያል። ነገ የሚያስተምረውን የሚነግረው ያ ፎቶ ነው።

እነዚህ ግቦች ትንንሽ ናቸው፤ ለሪፖርት አያምሩም። ግን ምዕራፍ፣ ቀንና የሚነጻጸር የተማሪ ውጤት አላቸው። አንዱ ባይሳካ እንኳ መምህሩ ለምን እንዳልተሳካ በአንድ ገጽ ሊጽፍ ይችላል፤ ያም ተግባራዊ ምርምር ነው፤ ከተቀዳ ማኅደረ ተግባር ይልቅ ለደረጃ ዕድገት ሊቆጠር ይገባል።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ደግሞ ግፍ ነው። ላፕቶፕ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። የስልኩ ጥቅል፣ የስፒከሩ ዋጋ፣ የሚሞሪ ካርዱ ሁሉ ከኪሱ ይወጣል። በዚያው በዓባይ ላይ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ግድብ ተመርቋል፤ ግድቡ ያለበት ወንዝ ግራና ቀኝ ያለ ትምህርት ቤት መብራት ይቆይልኝ ይሆን እያለ ክፍለ ጊዜውን እንዳያቅድ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወረዳውም ቢሆን አዲስ በጀት ሳይጠብቅ ሊያደርገው የሚችለው አለ። በየጉድኝት ማዕከሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ መጻሕፍቱን፣ የተቀዱ ምንባቦችንና የፌትን ማሳያዎች አከማችቶ፣ መምህራን ለወርኃዊ ስብሰባ ሲመጡ ካርዳቸውን ሞልተው እንዲመለሱ ማድረግ ይቻላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁም ለዚህ ሥራ ሩቅ አይደሉም።

እና ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው መስከረም የግል ዕቅድ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ፣ "ቴክኖሎጂ እጠቀማለሁ" ከሚለው በታች የትኛው ምዕራፍ፣ በየትኛው ሳምንት፣ በምን መሣሪያ፣ ተማሪው ምን ሲችል የሚል ካልተጻፈ አትፈርሙ። ለመምህሩ መልሱለት። ሰኔ ላይም የሰርተፍኬቱን ቁጥር ትታችሁ የልጆቹን ሁለት ፈተና፣ ከመጀመሩ በፊት የተፈተኑትንና ከጨረሱ በኋላ የተፈተኑትን፣ አምጣ በሉት።