ከባምባሲ እስከ ክብራን፤ ስለ ደሴት ገዳማት ጥቂት ቃል

የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻችን ከዕረፍት ሲመለሱ «ጣና ደርሰን መጣን» ብለው ስለ ጀልባው፥ ስለ ነፋሱና ስለ ዓሣው ያወሩልናል። እነዚያ ገዳማት ከሰፊው ምድር ይልቅ ደሴትን ለምን እንደ መረጡ፥ ደሴት መሆናቸውም እስከ ዛሬ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን የሚጠይቅ ብዙ አይደለም። እኛም ብንሆን የጠየቅነው በገዛ ቤተ ሰባችን ከደረሰ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ታላቅ እኅታችን በባሕር ዳር ከተማ በታሪክ ትምህርት ተመረቀች። አባታችንና እናታችን፥ ያን ጊዜም ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የነበርነው እኛ፥ ከባምባሲ ተነሥተን በመንዲና በጊምቢ አድርገን ነቀምት አደርን። በማግሥቱም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዓባይን ተሻግረን ሲመሽ ባሕር ዳር ገባን። ባምባሲን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን፥ ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ ማኦው፥ በርታው፥ ኦሮሞውና ከወሎ በሰፈራ የመጣው ሰው በአንድ ገበያ የሚገናኝባት ከተማ ናት። እናታችንም በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደዚያ ከመጡት ሰዎች ልጆች አንዷ ናት።

አባታችን የመጣው ለምርቃቱ ነው። እናታችን ግን የስለት ዕዳ ነበረባት። እኅታችን በሕፃንነቷ በጠና ታማ ሳለ፥ ከጎጃም መጥተው ባምባሲ የተቀመጡ አንድ ቄስ ስለ ክብራን ገብርኤል ነግረዋት፥ «ይህች ልጅ ለወግ ለማዕርግ ብትበቃልኝ ጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ጥላው ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ትልቅ ስለ ነበረ በአውቶቡሱ ውስጥ አልገባ ብሎ ሁለቱን ቀን ከጣሪያው ላይ በሸራ ተጠቅልሎ ተጓዘ። እስላም የሆኑት ጎረቤታችንም «ለኔም ለምኝልኝ» ብለው ከአገራችን በረሃ የሚለቀም አንድ ቋጠሮ ዕጣን ሰጥተዋት ነበር።

በማለዳ ጀልባ ተከራይተን ተነሣን። ጣና ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ባሕር ሲሆን ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በክረምት ወንዞቹ ያመጡት ደለል ውኃውን እንደ ጠላ አጉድፎት ይታያል። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች በአጠገባችን አለፉ። እናታችን ዓባይ ከባሕሩ የሚወጣበትን ስታይ «ይህ ነው ወደ እኛ የሚመጣው?» ብላ ጠየቀች። እኅታችንም «አዎን፥ እማዬ፤ ጉባ ድረስ ይሄዳል» አለቻት። (በዚያ ጊዜ የጉባው ግድብ ገና በሥራ ላይ ነበር፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እዚያ ከሚደርሰው ውኃ ግን ከጣና የሚነሣው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ የቀረውን የሚጨምሩት በመንገድ ያሉት ገባሮች ናቸው።)

ከግማሽ ሰዓት ጥቂት ያለፈ ከተጓዝን በኋላ ዛፍ የሸፈናት ጉብታ ፊት ለፊታችን ሆነች። ጀልባው ሲጠጋ ነጂው ወደ እናታችን ዞሮ «እማማ፥ እርስዎና እኅታችን እዚሁ ይጠብቁ፤ ሴት ወደ ላይ አትወጣም» አለ። እናታችን ጥላውን እንደ ታቀፈች ዝም አለች። ቄሱ ይህን አልነገሯት ኖሯል፤ እኛም ከባምባሲ እስከዚያ ድረስ ስንመጣ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅንም። ጥፋቱ የራሳችን ነበር።

በመጨረሻ ጥላውን ለእኛ ሰጠችን። አባታችን ከፊት፥ እኛም ከኋላ ሆነን የድንጋዩን ዳገት ወጣን። ጥላው ከዛፎቹ ሥር ሊሰወር ሲል ከታች ከጀልባው እልልታ ሰማን።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ታላላቅ የድንጋይ ዓምዶች ያጥሩታል። ገዳሙን በ14ኛው መቶ ዓመት አባ ዘዮሐንስ እንደ መሠረቱት ይነገራል፤ ሕንፃው ደግሞ ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን እንደገና ተሠርቷል። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ጥላውን ተቀብለው ባረኩን። ከዚያም አባታችን ስለ ለመናቸው አንድ የብራና መጽሐፍ አምጥተው በጨርቅ ላይ ዘረጉልን። ሥዕል ነበረበት፤ ዓይኑ ትልልቅ የሆነ ሰው ተቀምጦ ይጽፋል። እኛም አይተን ስናበቃ ከሥዕሉ ይልቅ ከውጭ የሚንጫጫውን ወፍ ማየት ጀመርን።

ስንመለስ እኅታችን ገና ከጀልባው ሳንገባ «መጽሐፍ አሳዩአችሁ? የትኛውን? ወንጌሉን ነው?» ብላ ያዘችን። እኛም «ቀይ ነው» አልናት። «ሌላስ?» አለችን፤ ሌላ የምንለው አልነበረንም። አራት ዓመት ታሪክ የተማረችው፥ ክብራን በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በሥዕል ያጌጠ ወንጌል እንዳላት የምታውቀው እርስዋ ከታች ቀርታ፥ ምንም የማናውቀው እኛ ማየታችን ያን ጊዜ አላሳፈረንም። ያሳፈረን ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው።

ስለ ሥርዐቱ ምክንያት ከዚያ ወዲህ ያነበብነውን በአጭሩ እንናገር። መነኩሴ ከዓለም ተለየ ሲባል ልዩነቱን የሚያጸና ወሰን ያስፈልገዋል። በትግራይ ለደብረ ዳሞ ወሰኑ በገመድ የሚወጣ ገደል ነው፤ ለጣና ግን ውኃው ነው። ሴትን የሚከለክለውም ሕግ የወንዶች ምንኵስና አንዱ አጥር ነው፤ በግሪክ የአቶስ ተራራ ገዳማትም እስከ ዛሬ ያው ናቸው። በጃፓን የኮያ ተራራ የቡድሃ ገዳማት ይህንኑ ሕግ ብዙ መቶ ዓመት ጠብቀው ኖረው ነበር፤ የጃፓን መንግሥት ክልከላውን በዐዋጅ ያነሣው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። በሌላ በኩል በቻይና ባሕር ያለችው የፑቱኦሻን ደሴት የቡድሃ ተከታዮች ቅድስት ስትሆን፥ የምትከበርባት የርኅራኄ ምልክት ጓንዪን በሴት መልክ ትሣላለች፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የቆመው ሐውልቷም 33 ሜትር ይረዝማል። ወደዚያ እናትና ልጅ አብረው ይወጣሉ። እንግዲህ ደሴት መሆን ብቻውን ሴትን አያግድም፤ የሚያግደው በደሴቱ ላይ የተቀመጠው ማኅበር ሥርዐት ነው። በጣናም ቢሆን ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶች ክፍት ናት።

ውኃው ሰውን ብቻ ሳይሆን ዕቃንም ጠብቋል። ከ1529 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግራኝ ጦርነት በደጋው ያሉ ብዙ አድባራት ሲቃጠሉ፥ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሹ ነበር። በዳጋ እስጢፋኖስም የዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አፅሞች እንዳሉ ይታወቃል። ክብራን በተለይ በመጻሕፍቷ ብዛት የታወቀች ናት።

ወደ ክርክራችን የምንመጣው እዚህ ላይ ነው። መነኮሳቱ ሥርዐታቸውን ይተዉ ለማለት አልተነሣንም፤ የሰው ቤት ነው፤ በደጁ ሥርዐት ይገባሉ ወይም ይቀራሉ። መጽሐፍ ግን አልመነኰሰም። ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. የጣናን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ፤ የክብራኑንም ዝርዝር በ1973 አሳተመ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በፊልም የማንሣቱ ታላቅ ሥራ በአዲስ አበባና በአሜሪካው የኮሌጅቪል ገዳም ትብብር ተጀመረ። ስለዚህ ለእኅቶቻችን ተማሪዎች መንገዱ የተዘጋው በእግር እንጂ በዓይን አይደለም። ነገር ግን ዝርዝሩ በጀርመንኛ ነው፤ ውድም ነው። ማኅበራችን ለቤተ መጻሕፍቱ ግዢ ሐሳብ ሲያቀርብ የዚህን መጽሐፍ ስም ቢያስገባ፥ አንዲት የታሪክ ተማሪ በሰባተኛ ክፍል ልጅ ዓይን ከማየት ትድን ነበር።

የዚያን ቀን ከክብራን ወደ እንጦስ ተሻገርን፤ አራታችንም አብረን ገባን። እናታችን የጎረቤታችንን ዕጣን ለመነኮሳይያቱ ሰጥታ ስማቸውን ነግራ አስጸለየችላቸው። ሽማግሌዋ እማሆይ ስሙን ሰምተው «እስላም ናቸው?» አሉ። «አዎን፥ እማሆይ» አለች እናታችን። እርሳቸውም ዕጣኑን አሽትተው «ጥሩ ዕጣን ነው» ብለው ተቀበሉ።

እኅታችን ዛሬ በአሶሳ ዞን መምህርት ናት። ባለፈው ዕረፍት ከክብራን ወንጌል የታተሙ ጥቂት ሥዕሎች አግኝተን ወሰድንላት። አንድ በአንድ አገላበጠችና «ያን ጊዜ ያያችሁት የትኛው ነው?» አለችን። ተቀምጦ የሚጽፈውን ሰው አሳይተን «ይህ ሳይሆን አይቀርም» አልናት፤ እርግጠኛ ግን አልነበርንም።