የተመለሰው ወባና በላቦራቶሪ የሚያድገው ጉበት

ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲያቁር በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ወባ ይበረታል። ከማጀቴ ለሥራ ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው ወቅቱን ያውቀዋል። አንዳንዱ ታሞ፣ መድኃኒት ወስዶ፣ ድኖ ከቆየ በኋላ ትንኝ ሳትነድፈው እንደገና ያንቀጠቅጠዋል። ይህን የሚያደርገው ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ነው። ጉበት ውስጥ ለሳምንታት ወይም ለወራት አድፍጦ ይቆይና ወደ ደም ይመለሳል። ክሎሮኩዊን በደም ውስጥ ያለውን ቢገድልም ያደፈጠውን አይነካውም፤ ለእሱ ፕሪማኩዊንን የመሰለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ያደፈጠውን ተውሳክ ለማጥናት የሰው ጉበት ሕዋስ ያስፈልጋል። ለምርምር የሚለገሰው ግን ጥቂት ነው፤ በላቦራቶሪም እንደልብ አይራባም። ስቴም ሴል የተፈለገው ለዚህ ነው።

እዚህ የምንነጋገረው ወደ ማንኛውም የአካል ሕዋስ መለወጥ ስለሚችለው ስቴም ሴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካዊው ጄምስ ቶምሰን የጥቂት ቀናት ዕድሜ ካለው የሰው ጽንስ ለይቶ አሳደገው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ደግሞ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ላይ፣ ተራ የቆዳ ሕዋስ በ4 ጂኖች አማካይነት ወደ ስቴም ሴል ጠባይ እንደሚመለስ አሳየ፤ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ2015 በአሜሪካ ኤምአይቲ የሳንጊታ ባቲያ ቡድን ከእንዲህ ዓይነት ሕዋስ ጉበት መሰል ሕዋሳት ሠርቶ ቫይቫክስን ጨምሮ የወባ ተውሳኮችን አስያዛቸው። ሕዋሳቱ እየበሰሉ ሲሄዱ ፕሪማኩዊን በተውሳኩ ላይ መሥራት ጀመረ። ፕሪማኩዊን የሚሠራው የጉበት ኢንዛይሞች ሲለውጡት ነውና።

ከእነዚህ ኢንዛይሞች ዋነኛውን የሚያዘጋጀው ጂን ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። ይህ በብዙ የአውሮፓ ሕዝቦች ከሚታየው በጣም ይበልጣል። ስለዚህ በሌላ አገር ሰው ሕዋስ የተፈተነ መድኃኒት እኛ ጉበት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ከኢትዮጵያውያን የተገኘ ሕዋስ ያስፈልጋል።

ችግሩ ስቴም ሴል በላቦራቶሪ ሲቆይ የዘር ውርሱ ሊለወጥ መቻሉ ነው። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ዲኤንኤው በሙሉ ይገለበጣል፤ ስህተትም ይገባል። አብዛኛው ስህተት ጉዳት የለውም። ሕዋሱን ቶሎ የሚያራባው ወይም ከሞት የሚያድነው ስህተት ግን፣ በማሽላ ማሳ ሳይነቀል እንደቀረ አረም ሌላውን ይውጣል። በተደጋጋሚ የሚታየው የ20ኛው ክሮሞሶም አንድ ቁራጭ ተጨማሪ ቅጂ ነው፤ ሕዋስ እንዳይሞት የሚያደርግ ጂን ይዟል። በ1ኛው፣ በ12ኛው፣ በ17ኛውና በኤክስ ክሮሞሶምም ተመሳሳይ ጭማሪ ይታያል። በ2017 የታተመ ጥናት ከ140 የስቴም ሴል ዘሮች በ5ቱ ላይ ካንሰርን የሚከላከለው ቲፒ53 ጂን ተበላሽቶ አግኝቷል።

ይህ ለውጥ ከስቴም ሴል በተሠራ ሕዋስ ለሚታከም ሕመምተኛ አደጋ ነው። በጃፓን በ2014 ከራሷ ቆዳ በተሠራ ሕዋስ ዓይኗን የታከመች ሴት ነበረች። ለሁለተኛው ታካሚ በተዘጋጀው ሕዋስ ላይ ግን የጂን ለውጥ ስለተገኘ ሕክምናው በ2015 ቆመ። ለምርምርም ጥፋት ነው፦ መድኃኒቱ የሠራ ወይም ያልሠራ የመሰለው በላቦራቶሪ በተፈጠረ ለውጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምርመራ ግድ ነው። 46ቱን ክሮሞሶሞች በማይክሮስኮፕ መመርመር ትልልቁን ለውጥ ያሳያል፤ ትንሹ ግን የዲኤንኤ ንባብ ይጠይቃል። ገና ጥቂት ጊዜ የተከፈሉትን ሕዋሳት በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ማስቀመጥ፣ ከሥራው በፊትና በየጊዜው ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል።

ለእኛ አገር ጥናት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሕዋሱ ላይ የታየው ተጨማሪ የጂን ቅጂ ከእናት ከአባት የተወረሰ ነው ወይስ ላቦራቶሪ ውስጥ የመጣ? የሚለየው ከለጋሹ ከራሱ ደም ጋር ሲመሳከር ነው። እንደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባሉ ተቋሞቻችን የምትሠሩ ተመራማሪዎች፣ ከኢትዮጵያውያን ስቴም ሴል ስታዘጋጁ በለጋሹ ፈቃድ የደሙን ናሙና አብራችሁ አስቀምጡ። ያልተመሳከረ ሕዋስ የሚሰጠው መልስ ለይፋት ቆላ ሕመምተኛ አይበጅም።